ለፋሲካ ያቆየነው ወሬ

አባቴ ሲጋራ ያቆመው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ያን ጊዜ ነገሌ ቦረና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመቴን እየተማርኩ ነው። ስለዚያ ጾም እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴ ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ወራት አልፈው ነበር። እሱ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ሲጋራውን ለኩሶ የዕለቱን የችሎት ወሬ ያወራላታል። አስተርጓሚው ረጅሙን ኦሮምኛ በሁለት ቃል ሲጨርሰው ባላገሩ እንዴት እንደሚቆጣ በድምፁ እያስመሰለ ያስቃታል። ስትስቅ ሳሉ ይነሳባታል። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ሊያያት የመጣው ድሬሰር አባቴን በረንዳ ላይ ለብቻው ጠርቶ ጭሱ እየጎዳት መሆኑን ነገረው።

በማግስቱ አባቴ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሐጂ ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

«አካም ጸሐፊ፣ ናጋ?» አሉ ሐጂ፤ እጃቸው ወዲያው ወደ ሲጋራው መደርደሪያ ሄደ።

«ይተዉት ሐጂ። ከዛሬ ጀምሮ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።»

«አምናም እንዲሁ ብለው በሦስተኛው ቀን የቆለፍኩትን በር አስከፈቱኝ። ካቻምናም ያው ነው። እኔ ነጋዴ እንጂ የእርስዎ ዘበኛ ነኝ?»

«ዘንድሮ ምስክር ይዣለሁ» አለና ትከሻዬን ነካ።

ሐጂ አይተውኝ ሳቁ። ከባንኮው ላይ አንድ እስር መፋቂያ አንሥተው «እንግዲያው ይኼን ያኝኩ» አሉት።

መንገድ ላይ አባቴ እንዲህ አለኝ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሁለት ጊዜ አቆምኩ ብዬ ዋሽቻታለሁ፤ ሦስተኛ አልዋሻትም። ከጸናሁ በፋሲካ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ምስጢር የሚታመንብኝ ልጅ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። ጠዋት ላይ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፤ ቀለም ደብተሩ ላይ ይፈስበታል። ወንበር ሳንቀሳቅስ ድምፅ አሰማሽ ብሎ ጮኸብኝ፤ ትንሽ ቆይቶ መጥቶ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። መፋቂያውን ድዱ እስኪደማ ያኝከዋል። ከሁሉ የከበደው ግን ያ የአልጋ ጫፍ ነበር። እዚያ ሲቀመጥ እጁ በራሱ ወደ ኪሱ ይሄዳል። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሆኖ «እዚያ ከተቀመጥኩ አጨሳለሁ» አለኝ። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ መልሷን ሰምቶ ይወጣል። እስከ ጦር ሰፈሩ አጥር በእግሩ ሄዶ ሲመለስ ጫማው በቀይ አፈር ተለውሷል፤ እሷም እንቅልፍ ወስዷታል።

እናቴ እሱ አጠገቧ ያልተቀመጠባቸውን ቀኖች ትቆጥር ነበር። የራሷን ብርጭቆ ከእኛ ለይታ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፤ በሽታው እንዳይጋባብን ስለምትፈራ። የአባቴንም መራቅ በዚያው መንገድ ተረጎመችው።

«አባትሽ በሽታዬን ፈራ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ትራሷን ሳስተካክልላት። «አልፈርድበትም። የሲጋራው ሽታ እንኳ ናፈቀኝ።»

ምስጢሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማዬ።»

«ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይጸለያል። በዚያ ሆሣዕና እኔም ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ጸሎቱ ሲደርስ ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበት እየሠራሁ፣ ፋሲካ ሰባት ቀን ብቻ እንደቀረው አስብ ነበር። ስለ እሷ እየተጸለየ መሆኑ በሐሳቤ አልመጣም።

እናቴ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዐረፈች። አባቴ ችሎት ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽ?» ብሏት፣ «ደኅና፤ ሂድ፣ አትቁም» ብላው ነበር። እኔ ውኃ ስሰጣት ደግሞ «አባትሽ መጣ?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ያለ ፍትሐት ቀበርናት። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። ከቀብር ስንመለስ ሐጂ ደጃችን ተቀምጠው ጠበቁን። አባቴን ሲያዩ እጃቸው አንድ ፓኮ ሲጋራ ይዞ ከኪሳቸው ወጣ፤ ሊያጽናኑት ፈልገው ይሆናል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም መልሰው ከተቱት።

ሰው ሲቀንስ አባቴ ወደ ውስጥ ጠራኝ። ከጾሙ መግቢያ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መፋቂያው በእጁ ነው።

«ማቆሜን ነግረሻት ነበር?» አለኝ።

ዐይኑ እኔ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ የፈራሁት ምስጢር አወጣሽ ብሎ እንዳይቆጣኝ ነበር።

«አልነገርኳትም፣ አባባ። አንድም ቃል» አልኩት፣ ፈጥኜ።

መፋቂያውን ባዶው ትራሷ ላይ አስቀመጠ።

«ጎበዝ» አለኝ፤ ከዚያም ጋቢውን ስቦ ፊቱን ሸፈነ።