የእድሩ ጡሩንባ

ሰኔ ላይ፣ ቀኑ በሚረዝምበት ሰሞን፣ መቱ ውስጥ ለሰፈራችን የማታ ሩጫ አዘጋጀሁ። ማስጀመሪያ ፊሽካ ሳጣ የእድራችንን ጡሩንባ ነፊ ጋሼ ደበላን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የሞት ነው» አሉኝ። እሺ እስኪሉ ነዘነዝኳቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስነፋው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ኧረ ማን ሞተ?» እያሉ ወጡ። እኛ እየሳቅን ሮጥን። ጋሼ ደበላ ግን በየደጁ እየዞሩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይቅርታ ሲጠይቁ አመሹ።

በሳምንቱ እሳቸው ዐረፉ። ሌላ የሚነፋ ስላልነበረ እድሩ ጡሩንባውን ለእኔ ሰጠኝ። በማለዳ ወጥቼ ለእሳቸው ነፋሁት።

መጀመሪያ የወጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ስኒከር አድርገው፣ እየሳቁ።

«ዛሬስ እስከ የት ነው የምንሮጠው?»