ከብት የሌለበት ባሕር

የዶርማችን ኮሪደር ዛሬ ሲቀባ የቀለሙ ሽታ ከሚሴ ከተማ ወዳለው ቤታችን ወሰደኝ። ልጅ ሳለሁ ሠዓሊው አጎቴ ከሚኖርበት ከታጁራ ባሕር ዳርቻ መጥቶ የሳሎናችንን ግድግዳ በሰማያዊ ባሕር ሞላው። በማግስቱ ተመልሶ ሊሄድ ነበር። አያቴ ከብት ከሚያረቡበት ከጨፋ መጥተው ሥዕሉ ፊት ተቀመጡ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ማዕበሉን የሚያንቀሳቅሰው ይመስል ነበር።

«ውኃው ጨው ነው?» አሉት።

«አዎ አባ፣ ጨው ነው።»

«እንግዲያው ሆራ ነዋ። ከብቶቹን የት አደረስካቸው?»

በእኛ አገር ከብት እየተነዳ የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ሆራ ይባላል። አጎቴ ሳቀ። «እዚያ ከብት አይጠጣም፣ አባ።»

«ከብት የማይጠጣው ውኃ ሰውን በምን ያቆያል?» አሉ አያቴ ቀስ ብለው። «ወላሂ ልጄ፣ እዚሁ ብትሆን ደስ ይለኛል።»

አጎቴ ቡናማ ቀለም በጥብጦ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ላም መሣል ጀመረ። አያቴ በከዘራቸው እየጠቆሙ «ቀንዷን ሰፋ አድርገው፤ አፏም ውኃውን ይንካ» ሲሉት እስከ መግሪብ ሶላት አብረው ቆዩ። እኔ ላሟ ጠጥታ እስክትጨርስ አጎቴ የማይሄድ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሄደ። አሁንም ከዚያው ሆኖ አዳዲስ ሥዕሎቹን በስልክ ይልክልኛል፤ ሁሉም ባሕር ብቻ ናቸው፣ አንድም ከብት የለባቸውም። አያቴ ሲደውሉ «ምን ሣለ?» ይሉኛል።

የሣለውን ሳልነግራቸው «ደኅና ነው» እላቸዋለሁ።