አብዬ ገራዶን የሰጡኝ ቀን

ሐረጎ ዳገት ላይ ከአፌ የወጣው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ውርር ያደርገኛል። አላወቅሁም ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ልቤ ግን አይሰማኝም። በሚኒባስ ሙሉ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ እየሳቅሁ ነው የተናገርኩት።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። ያሳደገችኝ እህቷ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። ባሏን አብዬ እላቸዋለሁ። ልጅ አልወለዱም፤ እኔው ነኝ ልጃቸው። ደሴ፣ ብርዱ በማይቻለው ቤታችን፣ ከመግሪብ በኋላ ሥራችን እንቆቅልሽ ነበር። መብራት መጣ ሄደ ግድ የለንም። አብዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው «እንቆቅልሽ» ሲሉ፣ እኔና እቴቴ «ምን አውቅልህ» እንላለን። በሌላው ጊዜ አንቱ ነው የምላቸው። በእንቆቅልሽ ጊዜ ግን አንቱታ የለም፤ አንቱ ከተባለ ስድቡ አይጥምም።

ዋናውማ ስድቡ ነው። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ ያሸነፈው የተሰጠው አገር ገብቶ፣ መልካሙን ሁሉ ለራሱ አድርጎ፣ ተሸናፊውን እንደ ልቡ ሙልጭ አድርጎ ይሰድበዋል። በዚህ በኩል አብዬ አይቻሉም። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻን ብሰጣቸው፣ ኮምቦልቻ ገብተው እሳቸው ብርቱካኑን ሲበሉ እኔን ልጣጩን ስለቅም አገኙኝ፤ ያውም ወባ እያንዘፈዘፈኝ። እቴቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ።

እንቆቅልሾቻቸው ሌላው ቤት እንደሚባሉት አልነበሩም፤ አብዛኞቹን ራሳቸው ነው የሚፈጥሯቸው። «ቤት ይሞላል፣ ቦታ አይዝም፤ ሲመጣ አላየሁትም፣ ሲሄድ ግን ቤቱ ይበርደኛል» ይላሉ። ፍቅር ነው። ይቺን ሲሉ ዓይናቸው እቴቴ ላይ ነው። እሷ ደግሞ አንቱ ሰው፣ ልጅ ፊት አያፍሩም ትልና ሻሿን ታስተካክላለች። «ልጅ ሆነህ ቶሎ ና ትለዋለህ፣ ስትሸመግል ቁም ትለዋለህ፣ ሁለቱንም አይሰማህም» ካሉ ዕድሜ ነው። አንዷን ግን ጥርሴን ሳልነቅል ጀምሮ አውቃታለሁ፦ «ሳይጠራ ይመጣል፤ ብቻውን ይገባል፤ ብቻውን አይወጣም።» ሞት ነው። ሕፃን ሆኜ ይህን ስመልስ እቴቴ ደንግጣ፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ወይ ብላ ተቆጣቻቸው። አብዬ ከአሁኑ ትወቀው፣ በኋላ አትደነግጥም አሉ። እንዴት እንደተሳሳቱ እኔና እሳቸው ነን የምናውቀው።

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ቀን ረፋዱ ላይ አብዬ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ እሳቸው ኮታቸውን ከነጋቢያቸው ለብሰዋል። እቴቴ ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ልታይሽ ፈልጋለች፣ እንሂድ አሉኝ። እቴቴ ስኳር አለባት፤ ደከም ማለት ልማዷ ነው። ጁምዓ እመጣለሁ አልኩ። የለም፣ ዛሬ ነው ያለችው አሉ።

እቴቴ በዚያ ሰዓት ሞታለች። ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ላይ ነው የሞተችው። እኛ ዘንድ ደግሞ የቅርብ ሰው ብቻውን ባለበት ሞት አይነገረውም። በስልክ መንገርማ ነውር ነው፤ መንገድ ላይ መንገር ደግሞ የባሰ። አንድ ትልቅ ሰው ሄዶ፣ ታመዋል ብሎ ያመጣዋል። ቤት ይገባል፣ ሰው ይከበዋል፣ ከዚያ መርዶውን ይረዳል። ለኔ ሌላ ሰው እንላክ ቢሏቸው አብዬ እምቢ አሉ። የሚስታቸውን ዓይን ከድነው፣ ከለቅሶው መሀል ተነስተው እኔን ሊያመጡ ወረዱ። ቀብሩ እኩለ ቀን፣ ዙሁር ላይ ነበር የታሰበው፤ እኛ እስላሞች ዘንድ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም። ልጅቱ ፊቷን ትይልኝ፣ እኔም ልድረስ ብለው ለምነው ከሰዓት በኋላ እስካለው አስር ሶላት ተፈቀደላቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ምኑን አውቄ! የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበርና ልጨርስ አልኳቸው። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ቶሎ በይ አላሉኝም። ቶሎ በይ ቢሉኝ እንደምጠረጥር ያውቃሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይሸተኛል። ጠርዙን ጨረስኩና ቀሚሱን ልተኩስ አልኩ። ተኮስኩ። ከዚያ ለእቴቴ ፓፓያ ካልገዛሁ ብዬ ገበያ ወሰድኳቸው። አንዱን እያነሳሁ፣ ሌላውን እየጫንኩ፣ ይሄ አልበሰለም እያልኩ መረጥኩ። አብዬ ፌስታሉን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ሳስበው ያሳብደኛል።

መኪና ውስጥ ስንገባ ካርድ አልቆብኛል፣ ስልክሽን አውሺኝ አሉ። ሰጠኋቸው። ሳይደውሉ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ረስተውት ነው ብዬ ተውኳቸው። ለካ ሰው ደውሎ እንዳይነግረኝ ነው።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት አጋምሰን ስንወጣ መኪናው ቆመ። ከፊት አንድ ከባድ መኪና መንገዱን አግድሞ ተገልብጧል። ሰው አልተጎዳም፣ ግን ከላይም ከታችም መኪናው ተደርድሯል። የሚያነሳው ማሽን ከደሴ እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። ሰው ወረደ፣ ተንጠራራ፣ ተመልሶ ገባ። አብዬ በመስኮት ፀሐይዋን አንዴ ያያሉ፣ መንገዱን አንዴ ያያሉ። እቴቴ ስትጠብቀን ትጨነቃለች፣ ስልኬን ይስጡኝ ልደውልላት አልኳቸው።

«እንቆቅልሽ» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እዚህ ሰው መሀል? ግን ለምጄው ነውና «ምን አውቅልህ» አልኩ። አንድ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሌላ ጠየቁኝ፣ እሱንም መለስኩ። ተሳፋሪው መሰላቸቱን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። አንድ ነጠላ ያጣፉ፣ ማተብ ያሰሩ እናት ከኋላችን ሆነው አብረው ይገምታሉ። ሹፌሩ ራሱ ሬዲዮውን ቀነሰ። በስተመጨረሻ ተራው የኔ ሆነ። እኔ እንደሳቸው መፍጠር አልችልም። ከልጅነቴ የማውቀውን፣ የራሳቸውን መለስኩላቸው።

«ሳይጠራ ይመጣል፤ ብቻውን ይገባል፤ ብቻውን አይወጣም።»

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።  ከዚያ አላወቅሁትም አሉ። እንዴ! የገዛ እንቆቅልሽህን? አርጅተሃል በቃ፣ አገር ስጠኝ አልኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ አብዬን አሸንፌ አላውቅማ።

«ገራዶ» አሉ።

ገራዶ የእቴቴ የትውልድ አገሯ ነው። በቤታችን ማንም ገራዶን አይሰጥም፤ በአባቴ አገር ስድብ አይገባበትም ብላ ከልክላለች፣ አብዬም አንድ ቀን ሰጥተው አያውቁም። አፍ አምልጧቸው ነው፣ ደሴ ስንገባ እነግራትና ጉዳቸው ይፈላል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ተሳፋሪው ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ይብስብኛል።

«ገራዶ ገብቼ ምን አጥቼ!» አልኩ። «ማሩ ለኔ፣ ሰፈፉ ላንተ። ፍራሹ ለኔ፣ ደጃፉ ላንተ። ሚስትህ ጥላህ ሄዳ፣ አንተ በሯ ላይ ቁጭ ብለህ ስታለቅስ፣ እሷ ዞራም አታይህ!»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ ይስቃል። እኔም እየሳቅሁ ወደ አብዬ ዞርኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነክሰውታል።  ፌስታሉ ከጭናቸው ተንሸራቶ ፓፓያው መኪናው ወለል ላይ ተንከባለለ፣ አላዩትም። መጀመሪያ ሳቃቸውን ያቆሙት እኚያ ማተብ ያሰሩ እናት ናቸው። ክንዴን ከኋላ ያዝ አደረጉና በለሆሳስ፣ ልጄ ተይ አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ኮቱም፣ ስልኩም፣ ዛሬ ነው ያለችው የተባለውም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። አብዬ፣ እቴቴ ናት እንዴ አልኳቸው። መንገድ ላይ አይነገርም አሉኝ። ሌላ ምን ይነገረኝ?

አላለቀስኩም።  ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ፓፓያዎቹን መልቀም ጀመርኩ። አንዷ ፈርጣ ነበር፤ ፍሬዋን በእጄ እየጠረግሁ ወደ ፌስታሉ እመልሳለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ሚስትህ ጥላህ ሄዳ ያልኩት ጆሮዬ ላይ ይጮሃል።

በዚህ መሀል የአብዬ ስልክ ጠራ። ጎረቤታችን የሆኑት ሼህ ነበሩ፤ ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ እኔም ሰማሁ። ጀናዛው ተዘጋጅቷል፣ አስር ሊደርስ ነው፣ የት ደረሳችሁ፣ እንጠብቅ ወይስ እንዴት እናድርግ ይላሉ። አብዬ የተገለበጠውን መኪና አዩ። ሰማዩን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ገበያ ስለላኩት ሰው እንደሚያወሩ በረጋ ድምፅ መለሱ።

«አታቆዩዋት። ሰግዳችሁ ቅበሯት።»

ይሄኔ ጮህኩ። አብደዋል ወይ አልኳቸው! በመኪኖቹ መሀል ሞተር ሳይክል እየተሽሎከለከለ ያልፍ ነበር። ሹፌሩ ነገሩ ገብቶት ዘሎ ወርዶ አንዱን አስቆመ። ባለሞተሩ ነገሩን ሲሰማ አባቴ ይውጡ፣ አሁን አደርስዎታለሁ አለ። ከኋላው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታው። ይሂዱ፣ ሚስትዎን ይቅበሩ፣ እኔ እደርሳለሁ አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። እንደ ድንጋይ ከበዱ።

«አንቺን በዚህ ሁኔታ እዚህ ጥዬሽ ብሄድ፣ ከጀናዛዋ ተነስታ ነው የምትቆጣኝ» አሉ።

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሴትዮ ነኝ፣ ደንበኛ ያለኝ ባለሱቅ ነኝ አልኳቸው።

«ዛሬ አይደለሽም» አሉኝ።

ባለሞተሩ ትንሽ ጠበቀና አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ድምፁ ዳገቱን እየዞረ ራቀ። አብዬ ተመልሰው ተቀመጡና የጋቢያቸውን ግማሽ እኔ ላይ ጣሉት። ሐረጎ ይበርዳል፣ እኔ የኮምቦልቻ ልብስ ነው የለበስኩት። አስር ሲደርስ ወርደው መንገዱ ዳር ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ተሳፋሪው አንድ ባንድ ወርዶ ከኋላቸው ቆመ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ማሽኑ መጥቶ መንገዱ ሲከፈት ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ደሴ ስንደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ መሀል ላይ ቦታ አዘጋጅተውልኛል፤ አስቀምጠው፣ በወጉ ሊያረዱኝ ነው። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው አብሽሪ ልጄ ብለው ሲጀምሩ፣ አብዬ እጃቸውን አነሱ።

«ታውቃለች። እኔ ነኝ የነገርኳት» አሉ።

 ሼሁ ተቆጡ። ሴት ልጅን መንገድ ላይ? እርስዎን የሚያህል ሰው? ብንጠብቅዎ አልመጡ፣ ቢመጡም ይህን አድርገው? ሌሎቹም ቁጣውን ተቀበሏቸው። ለሌላው መርዶ ነጋሪ ሆነው የኖሩ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው ወጉን አፈረሱ ተባለ። የለም፣ እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ፣ እንዲህ ብዬ ተሳድቤ ነው ያወቅሁት ልል አፌን ከፈትኩ። አብዬ ዞረው አዩኝ። በዓይናቸው ብቻ ዝም በይ አሉኝ። ዝም አልኩ።

እሳቸውም ሚስታቸውን ሳይቀብሩ የመጡበትን ጫማ አውልቀው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ «አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ» አሏቸው።