የሚያነክሰው ምት

አባቴ በወጣትነቱ ከበሮ ሲመታ ግራ እጁ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይዘገይ ነበር። ስህተት አልነበረም፤ አመል ነው። ቀኝ እጁና እግሩ በሰዓታቸው ሲደርሱ፣ ግራው ደጃፍ ላይ ወሬ ይዞት የቆየ ይመስል ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ከባንድ ጋር በሚሠራበት ሆቴል ዳንስ ቤት የሚጨፍሩት ሰዎች ያቺን መዘግየት በወገባቸው ይጠብቋት ነበር። እናቴም አንዷ ነበረች። «ለመልኩ ብዬ ያገባሁት እንዳይመስልሽ፤ ጉድ የሠራኝ ያ ግራ እጁ ነው» ትለኛለች።

ከዚያ ዲስኮ መጣ። ጣሪያው ላይ መስታወት የተለጠፈበት ኳስ ተሰቀለ፣ ለባንዱ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ ተሰፋ፣ የእግር ከበሮውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ ዱም፣ ዱም፣ ዱም እንዲል ተፈለገ። የባንዱ መሪ ሳክስፎን ነፊ ነው፤ ንግግሩም እንደ ሳክስፎኑ ጩኸት ይበዛበታል። አባዬን ጠርቶ፣ «ስማ፣ ይሄ የሚያነክስ ምትህ ለድሮ ዘፈን ነው። ዲስኮ ቀጥ ያለ ነገር ነው። ወይ ተስተካከል፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ» አለው። እኔ ያኔ ገና ታቅፌ የምዞር ሕፃን ነበርኩ፤ ቤታችን የሚተዳደረውም በዚያ ከበሮ ብቻ ነበር።

አባዬ ያደረገውን ሌላ ሙዚቀኛ ያደርገዋል ብዬ አላምንም። ሳሎን ካለው የግድግዳ ሰዓት ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ጭኑ ላይ ትራስ አስቀመጠ፣ በሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ልክ ትራሱን መውቀጥ ጀመረ። ጠዋት ይወቅጣል፣ ከምሳ በኋላ ይወቅጣል። ግራ እጁ ሲዘገይበት በቀኙ ጥፊ ያቀምሰዋል፤ የገዛ እጁን! እኔ ነፍስ ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነው። ሾርባ ስንጠጣ እንኳ ማንኪያችን ከሰዓቱ ጋር ይወጣል፣ ከሰዓቱ ጋር ይወርዳል። አንድ ቀን እማዬ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ይሄን ሰዓት አውርጄ ካልከሰከስኩት!» ብላ ወንበር ላይ ወጣች። አባዬ መውቀጡን ሳያቆም፣ «ከስክሺው፤ አሁን አያስፈልገኝም» አላት። እውነቱን ነበር። ግራ እጁ ተገርቶ ነበር።

የባንዱ ልጆች «ሰዓቱ» የሚል ስም አወጡለት። እሱ ኮራበት፤ እኔን ግን ዛሬም ያ ስም ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ዲስኮ ጥቂት ዓመት አንቀባረረን። ከዚያ ደግሞ ዘፈኑ መልኩን መቀየር ጀመረ። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ተሰናበቱና ኪቦርድ ገባ። ቀጥሎ ትራምፔቱ ተሰናበተ፣ ድምፁም እዚያው ኪቦርድ ውስጥ ተገኘ። አባዬ አልሰጋም። «ከበሮ ሰው ይፈልጋል» ይል ነበር። አንድ ቀን መሪው ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ማሽን ይዞ ለልምምድ መጣና ቁልፉን ተጫነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሳይዛነፍ። «አየህ ሰዓቱ» አለው፣ «ቁርጥ አንተን! ይሄኛው ግን እራት አይበላም።» ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

ሆቴሉ ጨርሶ አላባረረውም፤ ዕቃ ጠባቂ አደረገው። ገመድ ይጠቀልላል፣ ማይክ ይሞክራል፤ ማሽኑን ሶኬት ላይ የሚሰካውም እሱ ሆነ። ሰክቶ ሲያበራው ያየሁ ቀን አንጀቴን በላው። ካበራው በኋላ አይሄድም፤ ሲሳሳት ልስማው ብሎ ከጎኑ ይቆማል። ማሽኑ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ አባዬም እንደዚያው ቆሞ ለጡረታ በቃ።

ቅርብ ጊዜ አንዲት ሴት ደወለችልን። የዳንስ ሙዚቃ በኮምፒውተር የምትሠራ ናት። ከዲስኮ በፊት የተቀዳ የባንዱን ካሴት አግኝታ እንቅልፍ አጥታለች። «አሁን ሁሉ ነገር ቀጥ ያለ ሆነና ሰዉን ሰለቸው» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ያንን ዘግይቶ የሚመጣውን ግራ እጅ ነው። ጋሼ ራሳቸው መጥተው ይምቱልኝ።» ስነግረው አባዬ ተነስቶ ጺሙን ሊላጭ ገባ። በመጨረሻ የከበሮው ወንበር ሊመለስለት ነው ብዬ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

ስቱዲዮው ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው። አባዬ ከበሮው ኋላ ተቀምጦ መታ። ዱም፣ ጣ፣ ዱም፣ ጣ። ቀጥ ያለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት» አለች። ደገመው፤ ያው ነው። «እስቲ ግራውን ያዘግዩት» አለችው። አዘገየው፤ ግን ሁልጊዜ በእኩል መጠን አዘገየው፣ መዘግየቱም ራሱ ሰዓት ሆነ። ላብ አጠመቀው። እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። «ይመጣል፤ አንዴ ታገሱኝ፣ ይመጣል» አለ። አልመጣም። እኔ ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ማዶ፣ ከሴትዮዋ ጎን ቆሜያለሁ። ምን ልርዳው? ገብቼ እጁን ልያዝለት?

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ከካሴቱ ላይ ቆርጬ እወስደዋለሁ» አለች። አባዬን ወደ እኛ ጠርታ ከድሮው ጥቂት ምት ቆረጠች፣ ደጋገመችው፣ ከሥሩ ወፍራም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ አስገባችበት። ያ ግራ እጅ እያነከሰ፣ እየተሽኮረመመ መጣ። ሳላስበው ትከሻዬ ተነቀነቀ፤ አፈርኩ። አባዬ መምቻዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ እስኪያልቅ ሰማ።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ!»

«ተይ እንጂ» አለኝ፤ «እኔ እንኳ አይደለሁም።»

በመኪናዬ ይዤው ስመለስ፣ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ፍሬቻ አበራሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወዲያው ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ጀመረ፣ ልክ ከፍሬቻው ጋር። እሱ አላወቀም፤ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። እጁ ያርፍ እንደሆነ ብዬ ፍሬቻውን አጠፋሁና መታጠፊያውን አልፌ ሄድኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን አስጮኸብኝ። የአባዬ እጅ ግን በዝምታው ውስጥ ሳይዛነፍ መምታቱን ቀጠለ።