መኪና ውስጥ የታከምኩት ሕመም

ሐኪሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባል የአሜሪካ ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የምሳ ብሬካችን ግማሽ ሰዓት ናት። የሠራተኞች ክፍል ሰው አያጣም፤ ስለዚህ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ፣ መኪናዬን ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ አዙሬ አቆምኩና ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። የካቲት ነበር። ሞተሩን ባጠፋው ይበርደኛል፣ ባላጠፋው ድምፄ አይሰማም። ሳላጠፋው ጮክ ብዬ ማውራት መረጥኩ።

ሥራዬ የሰው ገላ ማጠብ ነው። የማን ጀርባ እንደቆሰለ፣ የማን እግር እንዳበጠ፣ ማን ስንት ቀን እንዳልተጸዳዳ እመዘግባለሁ። አንዲት አሮጊት ሁለት ቀን ሽንቷ ቀላ ቢል ሦስት ነርስ ይሯሯጣል። የእኔ የወር አበባ ግን ካገባሁ ጀምሮ ለሰባት ዓመት ተዛብቶ ማንም አልሮጠም። አራት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ አልሄድም ይላል። አገጬ ላይ እንደ ጎረምሳ ጺም ጠጉር በቀለ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በመኪናው መስታወት እያየሁ በወረንጦ እነቅለዋለሁ። ስወፍር ደግሞ ሰዎቻችን በየሰርጉ "ኧረ አሜሪካ ተመችቶሻል!" ይሉኝ ነበር። ፈገግ እላለሁ።

ክሊኒክ አልሄድኩም ማለት አይደለም። ቤታችን አጠገብ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብል ደንቡ ነው አሉና በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ወንድ ነው። "የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?" ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን የማውቀው መሰለኝ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚያነብቡት ሰውዬ መሰሉኝ።

"ባለፈው ወር" አልኩ። ውሸት ነበር።

ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ክብደት ቀንሺና ከዓመት በኋላ ነይ አለኝ። ክብደት ለመቀነስ ጾምኩ። ከጾሙ ወጥቼም ጾምኩ። አንድ ኪሎ ወርዶ ሁለት ጨመረ።

በስልክ ስለሚሰጠው ሕክምና የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ፣ በቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር ሙስሊም ልጅ ናት። አንድ ቀን አንድ ከባድ ሽማግሌ አብረን ስናገላብጥ አገጬን አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

"አትቀየሚኝ። እህቴም ይሄው ነገር አለባት። ኦንላይን ነው የምትታከመው። ፎርም ትሞያለሽ፣ ሐኪም በቪዲዮ ታወራሻለች፣ መድኃኒቱ በፖስታ ይመጣል። ማንም አያይሽም።"

ማንም አያይሽም ያለችው ነው የማረከኝ።

እና የዚያን ቀን መኪናው ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ብቅ አለች። ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችኝ "ከጎንሽ ሰው አለ? በነፃነት ማውራት ትችያለሽ?" ብላ ነው። እችላለሁ ለማለት አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሁሉንም ጠየቀች፤ ስለ አገጬ፣ ስለ ክብደቴ፣ ስለ ቆዳዬ፣ ስለ እናቴ የስኳር ሕመም ሳይቀር። ለምርመራ ደም እንድሰጥና አልትራሳውንድ እንድነሣ ላከችኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ እዚያው ገንዳ ጀርባ፣ ስሙን ነገረችኝ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም። እንቁላሉ በጊዜው አይለቀቅም፤ ሆርሞኑ ተዛብቷል፤ ጠጉሩም ክብደቱም የወር አበባውም የአንድ ሕመም ልጆች ናቸው።

"ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለችኝ።

ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ተናደድኩ። ለሰባት ዓመት ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጠበል የጠጣሁት፣ ምሳ የዘለልኩት፣ በየክርስትናው የሰው ልጅ አቅፌ የተሳቀቅሁት ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ለካ ስሙ በግማሽ ሰዓት ብሬክ ውስጥ የሚነገር ነበር።

ልጅ እንደምፈልግ ነገርኳት። "እንደርስበታለን" አለች። "መጀመሪያ ግን ማህፀንሽ ማረፍ አለበት። ስድስት ወር ያህል የወር አበባሽን የሚያስተካክል ክኒን ትወስጃለሽ፣ ሰውነትሽ ስኳርን በደንብ እንዲጠቀም ደግሞ ሜትፎርሚን። ከዚያ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ መድኃኒት ወደሚሰጥ ስፔሻሊስት በአካል እልክሻለሁ።"

የወር አበባ የሚያስተካክለው ክኒን የወሊድ መከላከያ ነበር።

ማታ ለባሌ "የሆርሞን መድኃኒት ጀምሬያለሁ" አልኩት። እሱ ከኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶብስ ይነዳል፤ ደክሞት ጫማውን እያወለቀ ነበር። "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይርዳሽ" አለኝ። ምን ዓይነት ሆርሞን አላለኝም። እኔም አልጨመርኩም። ዛሬ ሳስበው ውሸት አልተናገርኩም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። ያልተናገርኩት ግማሽ ቤቴን አፈረሰው።

ያኔ እናቱ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ከተቀመጡ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም። ስታመም አጥሚት ሠርተው አጠጥተውኛል። ግን በየወሩ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ያርፍና ይመለሳል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሳሎን ተቀምጠው፣ በፖስታ የመጣልኝን ካርቶን ከፍተው ክኒኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ባሌ አጠገባቸው ቆሟል። ካፖርቱን አላወለቀም።

"ይህን እኔ አላውቀውም?" አሉ። "እንግሊዝኛ ባላነብብ ዓይን የለኝም? አሥራ አንድ ዓመት ጤና ጣቢያ ጽዳት ሠርቻለሁ። ሦስት ረድፍ አንድ ዓይነት፣ አንድ ረድፍ ሌላ ቀለም። ሲታደል እያየሁ ነው የኖርኩት!"

"እማማ፣ ለሕመሜ ነው..."

"ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄን እያሞኘሽ!"

ወደ ባሌ ዞርኩ። "ከጀመርኩት ገና ሁለተኛ ወር ነው። ሐኪሟ ናት ያዘዘችልኝ። ልጅ እንዲኖረን ነው።"

"ልጅ እንዲኖረን የልጅ መከላከያ?" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ባስረዳው ባስረዳው አልሆነም። በመጨረሻ "እሺ፣ ራሷ ትንገርህ" አልኩትና ቀጠሮ ያዝኩ። እናቱ እንዳይሰሙ መኪና ውስጥ ገባን፤ ከአፓርትመንታችን ፊት ለፊት። ሁለታችንም ስልኩ ውስጥ እንድንታይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጋን። እንዲያ ከተጠጋጋን ወራት አልፈው ነበር። ሐኪሟ ሰላም አለችው፣ በመምጣቱ አመሰገነችው፣ ስለ ሕመሙ ልታስረዳ ጀመረች። አቋረጣት። የሱ እንግሊዝኛ ከኔ ይሻላል።

"አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ክኒን እየወሰደች ማርገዝ ትችላለች?"

"እየወሰደች ሳለ አትችልም፤ ነገር ግን..."

"ቴንክ ዩ" አለና ከመኪናው ወረደ።

ከ"ነገር ግን" በኋላ ያለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ መውረዱ ወዲያው አልገባትም፤ ለባዶው ወንበር ማስረዳቷን ቀጠለች። እሱም ምርመራ ቢያደርግ ጥሩ እንደሆነ፣ ቀላል እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሁለቱም ወገን ሊሆን እንደሚችል። በመስኮት ሳየው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣ ነበር።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ወንዶችና አንዲት እናት፤ ሁሉም የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እኚያ ማስታወቂያ የሚያነብቡት ሰውዬ ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ሲናገሩ ድምፃቸውን አዳመጥኩ። የአስተርጓሚው አልነበረም። እንዲያው ለከንቱ ነበር ያንን ሁሉ ዓመት የፈራሁት።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሚሰጠውን በክኒን መዝጋት ደግ አይደለም" አሉኝ ሰውዬው። "አንድ ዓመት መድኃኒቱን ሁሉ ተዪው። ጠበል ተጠመቂ። እሱም ይታገሥሽ።"

"እሺ። እሱም ይመርመር" አልኩ።

ለሽምግልና የመጡት እናት መሬት መሬት አዩ። ባሌ "እኔ ምን ሆኜ?" አለ። ሁሉም በእፎይታ ሳቁ፤ ቀልድ እንደተናገረ ሁሉ። ነገሩ በዚያው አለቀና ምሳ ቀረበ።

ተውኩት። ክኒኑንም ሜትፎርሚኑንም። ስልኬ "መድኃኒትሽን ታድሻለሽ?" እያለ መልእክት ይልክልኛል፤ አጠፋዋለሁ። የወር አበባዬ ወደ ልማዱ ተመለሰ። ጠፋ። እናቱ ስድስተኛው ወር ላይ አረገዘች ብለው ደስ ብሏቸው ሥጋ እያማረጡ ያበሉኝ ጀመር። ስምንተኛው ወር ላይ ደም መጣ፤ ሦስት ሳምንት አልቆመም። ያም ሆኖ ሥራ አልቀረሁም። አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ጉልበቴ ከዳኝ። እሷን ወንበሩ ላይ ማስቀመጤን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወለሉን።

ሆስፒታል ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ። ወጣቷ ዶክተር መዝገቤን አየችና "መድኃኒቱን ለምን አቋረጥሽ? ሳይድ ኢፌክት ነበረው?" አለችኝ። ሽማግሌ አዞኝ ነው የሚለውን በእንግሊዝኛ አሰብኩት። ቃል አጣሁለት። "ረሳሁት" አልኳት። ሰው ስምንት ወር እንዴት ይረሳል ብላ አላፋጠጠችኝም፤ ጻፈችው ብቻ። መዝገቤ ላይ እስከ ዛሬ መድኃኒቷን የምትረሳ ሴት ነኝ።

ባሌ ማታውን መጣ። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ እጄን ያዘ። የሚያዝንልኝ መሰለኝ፤ አዝኖም ነበር። "ዓመቱ ሊሞላ አራት ወር ነው የቀረን፣ ትንሽ ብትበረቺ" አለኝ። እጄን ወሰድኩ። ነርሷ ደሙን ልትቀይር ስትገባ እንድታስወጣልኝ የጠየቅኋት እሱን ነበር።

ስደነቅባት የኖርኩት ሐኪሜ ዘንድ ስመለስ የለችም። "ከእኛ ጋር አትሠራም" የሚል ሁለት መስመር መልእክት ደረሰኝ። ወዴት ሄደች? አይነግሩም። በምትኳ ፎርሙን እያነበበ የሚያወራ ጎልማሳ መጣ። ጥፋት የለበትም፤ ያንኑ መድኃኒት ያንኑ ያህል አዘዘልኝ። ግን ከጎንሽ ሰው አለ ወይ አላለኝም። ቢልም ኖሮ የለም ነበር መልሱ። ባሌና እናቱ በዚያው ወር ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል።

አሁን የወር አበባዬ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አገጬም ሳስቷል። በመጨረሻ በአካል ያየኋት ስፔሻሊስት መድኃኒቱ ሊሠራልኝ እንደሚችል፣ ዕድሜዬ ግን እየሄደ መሆኑን ነገረችኝና "ፓርትነርሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝ፤ ባልሽን ማለቷ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ወደዚያ አልተመለስኩም።

ተፋታን፤ እሱ በዓመቱ አገባ። ልጅቷ ከአገር ቤት የመጣች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሰው እየመጣ ይነግረኛል፤ ሁለት ዓመት አለፋቸው፣ ልጅ የለም። ደስ አላለኝም ብል ይህም ውሸት ይሆናል። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ግን አያጠግብም፤ ሲያልፍ አፍ ውስጥ እንደ ኮሶ ይቀራል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ እየገዛሁ ሳለ እናቱን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ሳሙኝ። እጄን አልለቅ ብለው ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ያኔ በስልክ ያከሙሽ ሰዎች... አድራሻቸው አለሽ? ለዚች ልጅ ነው። ቀኗ ይዛባል መሰለኝ።"

ይቅርታ አላሉኝም። ያንን ጥያቄ እንደ ይቅርታ የቆጠሩት ይመስለኛል።

"እማማ፣ እሷን ይተዉአት። ልጅዎን ይላኩት" አልኳቸውና በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ስነዳ ልቤ አልተረጋጋም። ያቺን ልጅ አይቻት አላውቅም። ምን አድርጋኛለች? አሁን እዚያ ቤት ሆዷን የሚያዩባት እሷ ናት። በሳምንቱ ተመልሼ ለባለ ሱቋ የክሊኒኩን አድራሻ የጻፍኩበት ወረቀት ሰጠኋት። "ለሴትዮዋ እንዳትሰጪ፤ ልጅቷ ብቻዋን ስትመጣ ለሷ" አልኳት። ከሥሩም "ለማንም ሳትነግሪ ታከሚ፤ እሱም ካልተመረመረ ጥፋቱን አትቀበዪ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም። ባለ ሱቋ ልጅቷ ብቻዋን መጥታ አታውቅም ትለኛለች።