አሥረኛው ቤት

በምርጫው ሰሞን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት መጠይቅ ላስሞላ ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መመሪያው ዘጠኝ ቤት እየዘለልክ አሥረኛውን አንኳኳ ይላል። ናሙናው እንዳይበላሽብኝ ብዬ ዘጠኙን ቤት ቀና ብዬም ሳላይ አለፍኩና የአንዲት አሮጊት በር አንኳኳሁ።

"ስለ ቀበሌዎ አስተዳደር ምን ይሰማዎታል?" የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ተነስተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ ያየናል።

"ለምን እኔን መረጥህ?"

"በዕጣ ነው እማማ። ማንም አልመረጠዎትም።"

"ወላሂ፣ ይኸን ብናገር ማን ያምነኛል? ዘጠኝ ቤት ሰላም ሳትል አልፈህ እኔ ዘንድ ቁጭ ብለህ ስትጽፍ፣ ነገ ጠቋሚ ናት አይሉኝም? በል ተነስ፤ ያለፍካቸውንም ሁሉ ጠይቅ!"

ተናደድኩ። ስንት ቀን የሠለጠንኩበትን ሕግ ሊያስጥሱኝ! ቢሆንም እያጉረመረምኩ ወጣሁና ዘጠኙንም በር አንኳኳሁ። መጠይቁን ማንም አልሞላልኝም። ይልቁንስ በየደጃፉ የጠየቁኝ እነሱ ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነበር።

"እሷ ምን አለችህ?"