የእትዬ ሚዛን እጅ

እትዬ ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላት የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ናቸው። የቪዲዮ ጌም ዲስኮች ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ በስስ ላስቲክ ተጠቅልለው ወደየሱቁ በሚላኩበት መጋዘን ውስጥ የመጨረሻዋ ወንበር የእሷ ነበረች። ሳጥኑ እሷ ጋ ሲደርስ መዳፏ ላይ አንዴ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ወይ ወደ ካርቶኑ ታስገባዋለች፣ ወይ ወደ ጎን ትወረውረዋለች። የተወረወረው ሲከፈት መመሪያ መጽሐፉ የለም። አላምን ብሎ የከፈተ ሁሉ አፍሮ ይመለስ ነበር።

ጌም ተጫውታ አታውቅም። «እኔን ኑሮ ያጫወተኝ ይበቃኛል» ትላለች። መጽሐፎቹን ግን ትወዳቸው ነበር። ያኔ መመሪያ ማለት መመሪያ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ባለ ቀለም፣ መሃሉ በሽቦ የተሰፋ። የትኛው ቁልፍ እንደሚያዘልል ብቻ ሳይሆን ጀግናው የማን ልጅ እንደሆነና ከጠላቱ ጋር በምን እንደተቃቃረ ሁሉ ተጽፎበታል። ቆረጣው የተበላሸውን መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ይፈቀድ ስለነበር አንድ ልጇ ፊደል የቆጠረችው በእሱ ነው። የጎረቤት ልጆች መዝሙር ሲለማመዱ የእሷ ልጅ «ለመዝለል ክቡን ቁልፍ ይጫኑ» እያለች አደገች።

የክፍሉ ሥራ እንዲህ ነበር። ዲስኩን ማሽን በቀኝ በኩል ይሰካዋል፤ መጽሐፉን ደግሞ ሴቶቹ በግራ በኩል በእጃቸው ይሸጉጡታል። አንድ ሕግ አለ፤ ዲስኩን በዓይንሽ ሳታዪ መጽሐፍ አታስገቢ። ስለዚህ ማሽኑ ዲስክ ሳይሰካበት የዘለለው ሳጥን መጽሐፍም ሳይገባለት ያልፍና እትዬ ሚዛን መዳፍ ላይ ይያዛል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ለሁሉም ያስተማረችው እሷ ናት፣ ዛሬ ተቆጣጣሪ የሆነውን ሰውዬ ጨምሮ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ጠፋ። ቀጥሎ ታሪኩ ወጣና ቁልፎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ ስፌቱም ቀርቶ መጽሐፉ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሆነ። እሷ በየጊዜው እጇን ታለማምዳለች፤ እጇም ይለምዳል። አንድ ጠዋት ግን የመጀመሪያውን ሳጥን አንስታ ወደ ጎን ጣለችው። ሁለተኛውንም ጣለችው። ቁልሉ ጉልበቷ ድረስ ሲደርስ መስመሩን አስቆመች።

«ምን ነካችሁ ዛሬ? ጭንቅላታችሁን ቤት ረስታችሁ ነው የመጣችሁት?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ተቆጣጣሪው እጁን እያፍተለተለ መጣ።

«እትዬ፣ መጽሐፍ ቀርቷል እኮ። ትናንት ልነግርዎት ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«ልጆቹ ታዲያ በምን ይማራሉ?»

«ጌሙ ራሱ ያስተምራቸዋል። እየተጫወቱ እያለ ስክሪኑ ላይ ይመጣል።»

«ይሁና። እኔስ በምን ልወቅ?»

«የኤሌክትሪክ ሚዛን እናስገባ ብለዋል፣ የላይኞቹ።»

«እኔ እዚህ ተጎልቼ?» አለችና እንዲያ ያለ ቁጣ ተቆጣች፤ እሱ የመጋዘኑን ወለል ያይ ጀመር። ይሉኝታ ክፉ ነው። በዚያው ቀን ቢሮ ወጥቶ «ለእሷ እጅ እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ፈርሞ ወረደ። እሷም እንደ ልማዷ እጇን ማለማመድ ያዘች። ለመደልኝ ብላም አመነች።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ሱቅ ካርቶን ተመለሰ። አንድ አባት ለልጁ ልደት ገዝቶ፣ ልጁ በእንግዶች ፊት ላስቲኩን ቀዶ ሲከፍተው ውስጡ ባዶ። ሌላም ባዶ ነበረ፣ ሌላም። ተቆጣጣሪው ቢሮ ተጠርቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለት ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት፤ አንዱ ዲስክ ያለበት፣ አንዱ ባዶ።

እትዬ ሚዛን ዓይኗን ጨፍና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጇ ያዘች። ቆየች። «አቀያይራቸው» አለችው። አቀያየረላት። እንደገና ቆየች። ዲስክ ምን ክብደት አላት! ያን ሁሉ ዘመን እጇ ይመዝን የነበረው ወረቀት ነው። ዲስኩንማ አንድም ቀን አውቃው አታውቅም፤ ይነግራት የነበረው መጽሐፉ ነው። ይህ አሁን ገባትና ሁለቱንም ሳጥኖች ቀስ ብላ አስቀመጠቻቸው።

«አላውቅም» አለች።

«ግድ የለም እትዬ። የማታ ፈረቃ ሠራተኞቹ ጥፋት ነው እላለሁ፤ ማን ያጣራል?»

«አንተ ልጅ! እነሱም እንደ እኔ እንጀራቸው ነው። የእኔ ጥፋት ነው፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ። ሚዛኑንም አስመጣ።» ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ካርቶን ወደሚለጠፍበት ጥግ ሄዳ ፕላስተር ያዘች። ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ተቆጣጣሪው ሽንት ቤት ገብቶ አለቀሰ።

ማታ ቤት ስትገባ አሁን እናት የሆነችው ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። ሕፃኑ ከታመመ ወዲህ ጡት እምቢ ብሏል፤ ከሰሞኑ ደግሞ ትንሽ ትንሽ መጥባት ጀምሮ ነበር። ልጂቱ ጤና ጣቢያ የነገሯትን ሁሉ ትሰማለች፤ ልቧን የምትጥለው ግን እናቷ ሕፃኑን አንስታ በምትናገረው ላይ ነው።

«እማዬ፣ እስቲ ያዢው። ዛሬ ከበድ አላለም?» አለቻት፤ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር።

እትዬ ሚዛን ልጁን ተቀበለችው። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገችው። እሱ ጣቷን ያዘ። ልጇ አፍ አፏን ታያለች።

«ነገ ወስደሽ አስመዝኚው፣ ልጄ» አለቻት።